ነጥብና ሰረዝ

ደብዳቤው ዘንድሮም መጣ፣ በየኅዳሩ እንደሚመጣው፤
"የካርድዎ ዓመታዊ ክፍያ" የሚለው፣ ዘጠና አምስት ዩሮ የሚያስወጣው።

ቀን ቀን በሃምቡርግ ወደብ ኮንቴነር እመዝናለሁ፤
ማታ ግን ይህችን ቀጭን ፕላስቲክ ይዤ ከወጥ ቤት እቀመጣለሁ።
ሃያ ስምንት ቶን ሙዝ ያላሳሳተውን ሰው
አምስት ግራም ካርድ ሚዛኑን ነጠቀው።

እርሳሴን ቀረጽኩ፤ በደረሰኝ ጀርባ መስመር አሰመርኩ፤
በግራ የሰጠኝን፣ በቀኝ የወሰደብኝን ደረደርኩ።

የአየር ማረፊያው ሳሎን አለ፣ በነጻ የሚገባበት፤
በዓመት ሁለቴ፣ ያውም በረራው ሲዘገይ የምናርፍበት።
ባለፈው የቀመስኩትን አሰብኩ፦ ሦስት ዳቦ፣ አንድ እንቁላል፣
የቲማቲም ጭማቂ (ቲማቲም ሲጨመቅ ማን ይወዳል?)
አሥራ አንድ ዩሮ ብዬ ጻፍኩ፤ አፈርኩና አሥር አደረግሁት፤
በኪሴ የወጣውን ብስኩት ግን አልቆጠርኩት።

የሻንጣ መድንም አለው። ሻንጣችን ግን ጠፍቶ አያውቅ፤
ላልጠፋ ሻንጣ ስንት ይታሰባል? ማንን ልጠይቅ?

ነጥቡስ? በአንድ ዩሮ አንድ ነጥብ።
ነጥብ ልልቀም ብዬ ስንት ኮተት ገዛሁ፣ እስቲ ላስብ፦
የጎማ ጀልባ፣ ዋና ሳልችል፤ የድንኳን መብራት፣ ድንኳን ሳይኖረኝ...
ተውኩት፤ ቆጥሬ ሳልጨርስ ደከመኝ።
ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤
እኔ መጫኛዋንም በዱቤ ነው የገዛኋት።

ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ደግሜ ደመርኩ፤
አርባ አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም ከሰርኩ።
"ይሰረዝ!" ብዬ ጮህኩ።

ውድነሽ ከሶፋው ላይ ካልሲ እያጣጠፈች፣
ቀና እንኳ ሳትል፣
"ሪጋንስ የት ጻፍካት?" አለች።

ሪጋ።

እኛ እኮ ለመሄድ ብለን ሄደን አናውቅም።
ስቶክሆልም ለወንድሟ ልጅ ሠርግ፣ ሦስት ቀን ሽንኩርት ስንከትፍ፤
ብራስልስ ለለቅሶ፣ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ሌሊቱ አላልፍ ሲል፤
ኑረምበርግ ለክርስትና፤ ቦሎኛ ለሽምግልና፣
(ባልና ሚስቱ አልታረቁም፤ እኛ ተጣልተን ተመለስን።)
አውሮፓን አገላብጠን አየናት፣
በየሰው ሳሎን መስኮት።

ሪጋ ግን ማንም አልነበረንም፣ የሚያገባም የሚሞትም፤
ነጥባችን ከዚያ ወዲያ አላደረሰንም።
ማንም የማይመርጠው ከተማ፣ ማንም በማይመርጠው ወር፣
በየካቲት፣ ሌሊት፤ ባንክ በነጻ የሚሰጥህ የተረፈውን ነበር።

ወንዙ ጠጥሮ ሰው ይሄድበታል፤
በረዶውን ቦርቡሮ፣ ክር ሰድዶ ዓሣ ይጠብቃል።
አንድ ሽማግሌ ባልዲውን ገልብጦ በእጁ "ተቀመጪ" አላት፤
ቋንቋ አልተለዋወጡም፤ ክሩን ብቻ አስያዛት።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልተያዘም።
ስልክ አልጮኸም፤ "የት ደረሳችሁ?" ያለን የለም።
"ለማን ነው የመጣነው?" አለችኝ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ።
"ለማንም" አልኳት።
"ለማንም" አለች እሷም፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ
ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው እያዛወረች።

እና ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል?
ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ ስልሳ ዩሮ ነበር፤ መግዛት ይቻል ነበር ይላል
መዛኙ ልቤ። ይቻል ነበር። ግን አንገዛውም፤
ስልሳ ዩሮ በእጃችን ቢኖር፣ አንድ ዘመድ ያገባ ነበር።

"ካርዴ እንዲሰረዝልኝ" ብዬ ጀምሬ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ፤
አራት ነጥብ ልዝጋበት ወይስ ድርብ ሰረዝ? አላወቅኩ።
የቀረን አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነጥብ ነው። የት ያደርሳል?
ውድነሽ ስልኳን ገላለጠች፦
"ቪልኒየስ። በጥር። ለመሄጃ ብቻ ይበቃል" አለች፤
ወፍራም ወፍራሙን ካልሲ ግን ለብቻው ለየች።