ዝም አይነቅዝም

ረሆቦት የገባሁ በሐምሌ አጋማሽ፣
ይዤ የመጣሁት የአንድ ከረጢት ግማሽ፤
ማሽላ ነው፣ ቀላ ያለ፣ ድቡልቡል ፍሬ፣
አምስት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዞ የወጣ ካገሬ።
የኳራንቲኗ ሠራተኛ ጥያቄ አበዛች፣
በጓንት እጇ ዘገነች፣ አየች፣ መለሰች፣
ትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ለጠፈች።
አራት መቶ አሥራ ሰባት።
እኔም ዝም አልኩ ያን ዕለት፣
ስም እንዳለው ሳልነግራት።

ስሙ ‹ዝም አይነቅዝም› ነው።
ሽታዬ ናት ያወጣችው፣
ከቆቦ ወዲያ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሁለት ጥማድ ያላት።
የጎረቤት ማሳ አቀንጭራ ሲወርሰው፣
ያ ሐምራዊ አበባ ሰርግ መስሎ ሲያብብ፣
ከሥር ጠጥቶ ጠጥቶ አገዳውን ሲያደርቀው፣
የእሷ ብቻ ቆሞ ቀረ።
‹ምን አድርገሽበት ነው?› ብላት
‹እኔ ምን አውቃለሁ› አለች እጇን አራግፋ፣
‹ይሄ ዘር ወሬ አይወድም፤
አረሙ ደጁን ቢያንኳኳ፣ እሱ አለሁ አይልም።›

ይህንኑ ነው እዚህ፣ በቱቦ፣ በመስታወት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቆፍር የከረምንበት።
ዶክተር ኖጋ ስታስረዳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፦
የአቀንጭራ ፍሬ ከአቧራ ያንሳል፣
አፈር ውስጥ ዓሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ያሸልባል፤
የማሽላ ሥር ሲርበው አጋዥ ፈልጎ ይጣራል፣
ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ሌባውም ይነቃል።
‹አየሽ፣ የተራበ ሥር ነው ራሱን የሚያጋልጥ።›

እኔም ይህን ስሰማ ወደ ኋላ አሰብኩኝ፣
ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ፣ ስንት በር እንዳንኳኳሁኝ፤
ማይክሮስኮፕ የለንም፣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ መብራትም ይጠፋል።
ጥሪ ነው መቼስ።
ማን ሰምቶት ይመጣል?

መስታወት ቤቱን የሚያጠጣው ባየልኝ ይባላል፣
ደረቱ ላይ ያለው ስም ‹ኤልያኪም› ይላል።
በለሳ ተወልዶ፣ በልጅነቱ የወጣ፣
በእግሩ፣ በሱዳን በኩል፣ እዚህ የመጣ።
ሳጥኑ ውስጥ አቀንጭራውን አየና ሳቀ፣
‹አንተ ሰይጣን፣ እዚህም?› አለ፤ ዓይኑ ግን ራቀ።
አባቱ ነቅሎ ነቅሎ መዳፉ እንደቆሰለ
ያወራኝ ጀመር፣ ቧንቧውን ሳይዘጋ፣
ውኃው ጫማዬ ውስጥ እየገባ።
‹ይሄ ማሽላስ? ማን ይባላል?›
ቁጥሩን አሳየሁት።
‹ቁጥርማ የኔም አለኝ፤ ስሙን ነው የጠየቅሁት።›
ነገርኩት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ማቀዝቀዣው ጥርስ በሚያንገጫግጭበት አዳራሽ፣
ስምምነቱ ቀረበ። ገጹ ሃያ ሁለት።
‹በጋራ› የሚል ቃል አሥራ ስምንት ጊዜ አለበት፤
ቆጥሬዋለሁ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት በየገጹ አለ።
ሽታዬ የለችም።
ኖጋ ደግ ሰው ናት፤ ወባዬ ሲነሳ
ሌሊቱን ሆስፒታል አብራኝ የነቃች፣ በማግስቱም ያልተወች፤
እንጂማ መቀየም ምንኛ ቀላል ነበር።
ዘሩም ይመክረኛል፦ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም፤
ብዕሩን አነሳሁ።
አልፈረምኩም።
‹አንድ ስም ይጎድላል› አልኩ፤
ድምፄ ቀጠነ፣ እንደ ተጠማ ሥር፣
ማን እንደሚሰማው ሳያውቅ እንደሚጣራ።

ኖጋ መነጽሯን አወለቀች።
‹ፊደል በፊደል ንገሪኝ› አለች።
ሽ። ታ። ዬ።
‹ትርጉም አለው?›
‹የኔ መዓዛ ማለት ነው።›
ጠበቃው ጽፎ ጽፎ ቆመና፣
‹ይሄ እኮ ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል› አለ።
ይፈልግ።

ማታ መስታወት ቤት ስደርስ ባየልኝ ሄዷል፤
ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ አንድ ነገር ተጽፏል፣
ፊደሉ ተንጋዶ፣ ‹ቅ›ዋ ተረስታ፦
‹ዝም አይነዝም›።
አላረምኩትም።
ከሩቅ ብርቱካን ያጠጣሉ፣ አየሩ እርጥብ አፈር ሸተተ፤
ሥሩ ግን ከታች፣ እንደ ልማዱ፣
ምንም አላለ።