ቁጥር ያለበት ሁሉ

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ከድልድዩ በታች፣
ኩታይሲ ውስጥ አንዲት መናፈሻ አለች።
ትልቅ አይደለችም፤
በሩጫ ቢያቋርጧት ትንፋሽ አታስጨርስ፤
ግን ስንቱ እጮኛ ይዞ ገባ፣ ስንቱ ብቻውን ወጣ፣ እንባውን ሲያብስ።

መጋቢት ላይ ሰዎች መጡ፣ ብሩሽ የያዙ፣
ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጓዙ
በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤
ከአንድ ጀምረው ሰባ አንድ ላይ አረፉ።
እነሱ አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅን፤
ለዛፍ ታርጋ የሰጡት መስሎን ዝም አልን።

ኋላ ስብሰባ ተጠራ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ማሞቂያው የሚያንኳኳበት፣ አየሩ የሚጨንቅ።
አንድ ልጅ እግር አርክቴክት ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ፤
የመስታወት ካፌ፣ ፏፏቴ፣ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ተራ በተራ።
በሥዕሉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ወጣት፣
ሁሉም የሚራመዱ፤ አንድም የተቀመጠ የለበት።
ቫዣ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ መነጽሩን ጠርጎ አፈጠጠ፦
«የኔ ልጅ፣ የነዚህ ሰዎች ጥላ የት አለ? ወይስ እሱም አብሮ ተሸጠ?»
ሳቅን።
ጸሐፊዋ ግን «አስተያየት ተሰጥቷል» ከማለት በቀር
ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈረች ነገር።

እውነቱን ልናገር፤ ኔስታን ስትነሣ አንገታችንን ደፋን።
«ዛፉን ትወዳላችሁ፤ እኔም እወደዋለሁ።
መብራቱ ከጠፋ አራተኛ ክረምቱ፤ በስልኬ እያበራሁ፣ እየፈራሁ አልፋለሁ።
የሽንት ቤቱ በር ተነቅሏል፤ የዥዋዥዌው ሰንሰለት የልጄን ግንባር ፈንክቷል፤
ያኔ የት ነበራችሁ? ማን ፊርማ አሰባስቧል?»
ማንም አልመለሰላት።
ማሞቂያው ብቻ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለላት።

እኩለ ሌሊት ሲሆን በሬ ተመታ።
ጉሊኮ ናት፤ ሂሳብ ያስተማረችኝ፣ ሰማንያን ያለፈች፤
ባንድ እጇ የቀለም ጣሳ፣ ባንዱ ብሩሽ ይዛ ቆማለች።
«ተነሥ፣ ባትሪ አምጣ፤ ቁጥሩ አላለቀም ገና፤
ሰባ አንድ ላይ የሚቆም ቆጣሪ ሰነፍ ነውና!»

ሄድን። ቫዣን ቀሰቀስነው። ኔስታንም መንታዎቿን ለእናቷ ትታ ደረሰች፤
ምንም ሳትናገር ሻርፗን ፈትታ ከጉሊኮ ጉልበት ሥር አነጠፈች።
ሰባ ሁለት፦ አግዳሚ ወንበር። ሰባ ሦስት፦ ሌላው፣ እግሩ የጎደለ።
ሰባ አራት፦ የማይበራው መብራት። ሰባ አምስት፦ ዥዋዥዌው፣ ባንድ ሰንሰለት የተንጠለጠለ።
የውሃ ቧንቧው፣ የዳማ ጠረጴዛው፣ አፍንጫው የተሸረፈ የድንጋይ አንበሳ፤
በሩ ሥር የተኛ ውሻ እንኳ ቁጥር ደረሰው፣ መቶ አርባ፣ ሳይነሣ።
በመጨረሻ ጉሊኮ ጀርባዋን አዞረችልኝ፤
ጥቁር ካፖርት፣ ከድሮው ሰሌዳ በፊት ያየሁት።
«ጻፍ» አለችኝ።
እጄ ተንቀጠቀጠ። መቶ አርባ አንድ።

ሲነጋ መጋዝ የጫነ መኪና መጣ።
አለቃው ወረደ፤ ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ፣ እጁ ላይ ትእዛዝ፤
ትእዛዙም አንድ መስመር፦ «ቁጥር ያለበት ሁሉ ይነሣ።»
ዛፉን አየ። ወንበሩን አየ። ውሻውን አየ።
ከዝግባው ሥር ጀርባዋን ሰጥታው የተቀመጠችውን አሮጊት አየ።
«እማማ፣» አላት ቀስ ብሎ፣ «እርስዎም አሉበት?»
ስም ሲጠራ እንደ ሰማች ተማሪ፣ ሳትዞር፦ «አቤት!»

ሠራተኞቹ መጋዙን መሬት አስቀመጡ።
አለቃው ሰባ ሦስት ላይ አረፍ ቢል ወንበሩ አዘነበለ፤
ካርታውን ትቶ መዶሻ አስመጣ፣ ምስማር በጥርሱ ነክሶ እግሩን ቸከለ፤
«ካነሣኸው አይቀር» አለችው ኔስታን፣ በአገጯ ዥዋዥዌውን እያሳየች።
ከዚያ ስልክ ደወለ። ጠበቀ። ደገመ። ሠለሰ።
«አይነሣም» አለን፣ ስልኩን እያሳየ።
ቫዣ ሰባ አንደኛውን ዛፍ ተደግፎ፣
«እንዳፍህ ያርገው» አለ።