ሰባተኛዋ

አሥራ አንድ ናቸው ሐይቁ ላይ የጣልናቸው፤
ቢጫ ጀሪካን ነው ተንሳፋፊ ቤታቸው።
ሥራቸው እንቅልፍ ነው፤
በየሩብ ሰዓቱ ብንን የሚሉት ላፍታ ነው፤
ውኃውን ዳሰስ አርገው፣ ሙቀቱን፣ ትንፋሹን፣
ላጠገባቸው አቀብለው የቁጥር ቁራሹን፣
መልሰው ያሸልባሉ። ባትሪ ጾመኛ ነው፤
ለወሬ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ሊያመጣው።

ድምፃቸው ሰላላ፣ ከዳር የማይሰማ፤
ሦስት ለአምስት ሹክ ትላለች በጨለማ፣
አምስት ለሰባት፣ ሰባት ለታቦር አንቴና፤
እሱ ለኔ ስልክ። ይኸው ነው የወሬው ጎዳና።
ሐሜት እንኳን እንዲህ አይጓዝም በሐዋሳ፣
ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ አቧራ ሳያስነሳ።

ማክሰኞ፣ ወደ ማታ፣
ሰባተኛዋ ዝም አለች።
ካርታዬ ላይ ነጥቧ ካረንጓዴ ወደ አመድ ዞረች።
ጎረቤቶቿ አንዴ ጠሯት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠሯት፤
ከዚያ ከመንገዳቸው ፋቋት።
በዘጠኝ በኩል ዞሩ። ወሬው ሰዓቱን ጠብቆ ገባ።
ድንኳን የተከለ የለም፣ ያፈሰሰ እንባ።

አርብ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጋሽ ሀሜሶ ጀልባው ጥላ ሥር
መረቡን ይሰፋል፣ በጥርሱ ይዞ ክር።
«ምነው፣ ያንቺም መረብ ተቀደደ?» አለኝ።
«የኔስ ራሱን ሰፍቷል፤ አንድ ዓይኑ ነው የጠፋኝ።»
«ከተሰፋ ታዲያ ምን ያስቀዝፍሻል?»
መልስ አላጣሁም፤ ግን እንዴት ይባላል፦
መንገዱ ያለሷም ይሄዳል፣ አይጎድልም፤
እሷ ያለችበት ውኃ ግን
ከማክሰኞ ወዲህ ስሙ «አይታወቅም»።

ቀዘፍን። ጉማሬዎቹን በሩቁ ዞረን አለፍን።
አልሞተችም።
ፀሐይ መቀበያዋ ላይ ያሞራ ኩስ ተጋግሮ፣
እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ደርቆ፣ ጋርዷት ኖሮ።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ በዚህ ሁሉ ፀሐይ፣
በረሃብ ተኝታለች፣ ፊቷን አቅንታ ወደ ሰማይ።

ጋሽ ሀሜሶ እጅጌውን ሐይቁ ውስጥ ነክሮ
አበሰላት፣ እንደ ልጅ ንፍጥ፣ ጉንጯን አዙሮ።
ከዚያ መዳፉን ውኃው ውስጥ ሰዶ አቆየው፤
«ታቹ ታፍኗል» አለ፣ «ዓሣው ዛሬ ላይ ላዩን ነው።»
ስልኬን አየሁ። አሁንም አመድ።
ገና እፍኝ ብርሃን አልጠጣችም።

ተመለስን፤ እሱ ወደ መርፌው፣ እኔ ወደ ጥበቃዬ።
አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፦
አረንጓዴ።
ኦክስጅን ከታች፣ ሁለት ነጥብ አራት። ዝቅተኛ።
ላሳየው ዞርኩ፤
ሄዷል። መረቡ ግንድ ላይ ተሰጥቷል፤
በየዓይኑ ሐይቁ ይታያል።