ቀማሽ

ከመጋላ ጉሊት፣ ከጨርቅ ተራው ወዲህ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ መጥበሻዬና እኔ፣ አልተነሳን ከዚህ።
ሙሸበክ እጠብሳለሁ፤ ሊጡን በጨርቅ ቋጥሬ፣
ዘይቱ ላይ እያዞርኩ፣ ክብ በክብ ሰድሬ።
ስኳሩን በድስት አፍልቼ፣ ሎሚ ጠብ አድርጌ፣
ጣቴን ነከር አርጌ
እቀምሰዋለሁ፤ ይኸው ነው ማዕረጌ።
በቀን መቶ ጊዜ፣
ማን ይቆጥረዋል? የእጅ ነው አባዜ።

ባለፈው ግንቦት፣ ድሬ እንደ መጥበሻዬ ስትግል፣
ሲስተር ብርዛፍ ጣቴን ወጋችው፤
ያችኑ ጣት፣ የምቀምስባትን።
«ጋሽ ሰመድ፣ ስኳር አለብዎት» አለችኝ።
ሳቄ መጣ።
«ልጄ፣ ከየት መጥቶ? የቀበሌው ሱቅ ‹ስኳር የለም› ካለ ይኸው ሦስት ወሩ፤
ለካ የኔ ደም ነው መጋዘናቸው፣ በኩንታል ሲያኖሩ!»
እሷ አልሳቀችም።
ቁጥሩን በቀይ ጻፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ።
ኢልያስ ባጃጁን አቁሞ፣ «ሽፈራው ቀቅል» ይለኛል፤
ኸድራ፣ የግመል ወተት ሻጯ፣ «በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ፣ ወላሂ ይነቅልልሃል!»
አብሽ የሚል አለ፣ ግራዋ የሚል አለ፣
አንዱ ደሞ «ፍሬ ነው፣ ምን ያደርጋል?» እያለ፣
ሦስት ጊሽጣ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ፤
ሁለቱን ራሱ በላ፣ የሦስተኛው የኔ ሆነ ጣጣ።
ሁሉንም ሞከርኩት። አፌ ተማረረ፤
ቁጥሩ ግን እንደ ድሬ ሙቀት፣ ሲወጣ ሰነበተ፣ ሲወርድ አፈረ።

ረመዳን ገባ። ዘንድሮ አልጾምኩም፣ ሐኪም ከለከለኝ፤
ከጾመኛ መሃል ውሃ መጎንጨቱ፣ ከበሽታው ይልቅ እሱ ነው ያሳፈረኝ።
አፍጥር ሊደርስ ሲል፣ ሰልፉ ጨርቅ ተራ ደርሶ፣
ዘይት ፈናጠረ፣ ከእግሬ ጣት ላይ ፈሶ።
ሥራዬን ቀጠልኩ።
የልጄ ልጅ ሂንዲያ ነች የጮኸችው፦
«አባባ! እግርህ! እግርህን!»
ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቆዳው ተነፍቷል፣ እንደ ሙሸበክ አብጦ፤
እግሩ የኔ ነው፤ ሕመሙ ግን ወዴት ሄደ፣ ከኔ አምልጦ?
በጠጠር የሚነጫነጭ እግር፣ በፈላ ዘይት ዝም አለ።
ውሻ ጮሆ ይነክሳል፤ ጅብ እንኳን ስቆ ነው የሚበላ፤
ስኳር ግን ሲስም ሲስም፣ ስሜቴን በላ።

አላቆምኩም። ምን በልቼ ላቁም?
መቅመሱን ለሂንዲያ ላስረክብ አሰብኩ፤
ጣቷን ወደ ድስቱ ስትሰድ አየኋትና
እጇን ያዝኩት።
አሁን በክር ነው የማውቀው፤
ከጭልፋው ሲወርድ፣ ሳይበጠስ ሲረዝም።
ለካ ዓይንም ይቀምሳል።

ማለዳ ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሻሂ አዘዝኩ «ያለ ስኳር»፤
አስተናጋጁ ክው አለ፣ ሰው የሞተብኝ መስሎት ነበር።
«አቦ፣ ተጣላን እንዴ?» አለኝ።
ጠጣሁት። ፊቴ ተጨማደደ።
በሳምንቱ ቀረፋው መጣ፣ ከኋላው ቅርንፉዱ፤
ስልሳ ዓመት ጎረቤቶቼ ነበሩ፣ አንድ ቀን ደጄን ሳይረግጡ።

አሁን ከሙሸበኩ ጎን የባቢሌ ለውዝ አለኝ፣ በትንሽ ትሪ።
ማታ ስዘጋ እንዳለ ነው፤
ጥቂቱን እኔው እየቆረጠምኩ እገባለሁ።

ትናንት አንድ ልጅ መጣ።
«የሃምሳ ብር ሙሸበክ። ለአባቴ ነው፤
ስኳር አለበት፣ ግን ይወዳል።»
አንድ እጄ መቆንጠጫው ላይ፣ አንድ እጄ ትሪው ላይ ቀረ።
ከኋላው ሰልፉ ያጉረመርማል።
ትንሽ ሙሸበክ፣ የቀረውን ለውዝ፣ በጋዜጣ ጠቀለልኩለት።
ልጁ ከፍቶ አየና፣
«ተሳስተሃል» አለኝ።
«ሊሆን ይችላል» አልኩት፤
የሚቀጥለውን ሊጥ ጨመቅኩ።