ቋጠሮ

ሰኞ የደጃች ወንዳፍራሽ ሰው መጣ፣
«አርባ ታንኳ» አለኝ፣ አሞሌ አወጣ።
ማክሰኞ የፊታውራሪ ጉልላት ጭፍራ፣
እሱም አርባ አለኝ፤
ዋጋ አላነሳም፣ ጦሩ ብቻ አበራ።

ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ በታች፣
አባይ ከሚወጣበት አጨድሁ ደንገሉን፤
ለሁለቱም አሰርሁ፣ እርጥቡን።
ደንገል ሳይደርቅ ጣናን እንደሚጠጣ
ማንም አልጠየቀኝ፤ ከአፌም ቃል አልወጣ።
ይስመጡ አልሁ በልቤ፣ ከነነጋሪታቸው፤
ለኛ ለወይጦዎቹ ሁለቱም ያው ናቸው።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ቀዛፊ አጡና
ልጄን እንድሪስን ከመኝታው ወሰዱት፤
የትኞቹ እንደሆኑ አላየሁም፣
ጭጋግ ነበርና።

ቅዳሜ ማዕበሉ ታንኳ ይመልሳል።
«ማን አሸነፈ?» ይላል ሰዉ፣ ከዳር ቆሞ።
እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ገብቼ
ገመድ ገመዱን እዳብሳለሁ፤
ሁሉም ቋጠሮ የእጄ ነው።