የሌለችው ደሴት

«ታንኳችን አይሄድም» ይላል አጎቴ፤ «ቆሞ ነው የሚውል፤
ደሴቶች ናቸው የሚሄዱት፣ በከዋክብት ሥር፣ በተራ፣ በውል።»
ይህን ሲል ቀልድ የለውም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ
ነፋሱን በጉንጩ ይለካል፤ ማዕበሉን በወገቡ ይሰማል፣ ከጆሮው ቀድሞ።

እኔ ከጉዋም ተመልሻለሁ፣ ሦስት ዓመት ፍልስፍና ተምሬ፣
በሻንጣዬ መጽሐፍ አጭቄ፣ በምላሴ ጥያቄ ቋጥሬ።
«አጎቴ ሳውረስ፣ ደሴት ሥር አላት፤ ድንጋይ ናት፤ እንዴት ትሄዳለች?»
«ትሄዳለች። አመሻሽ ከኪማ ሥር ነበረች፤ አሁን ይኸው አልፋለች።»
«ግን እውነት ነው?»
ሳቀ፤ ጥርሱ በሚያኝከው ፍሬ ቀልቶ።
«ትናንት የበላሽው ኤሊ የመጣው በዚህ ሒሳብ ነው፤
እናትሽም ለአባትሽ የደረሰችው በዚህ ሒሳብ ነው።
የሚያደርስ ነገር፣ ልጄ፣ ሌላ ምን ስም ያሻዋል?
መጥረቢያን ‹እውነት ነህ ወይ?› ብሎ ማን ጠይቆት ያውቃል?»

ይህንኑ ነበር ቪላሎን ያስተማረን፣ ሰሌዳውን በክርኑ አብሶ፦
«ንድፈ ሐሳብ መሣሪያ ነው፤ ይሥራ እንጂ፤ አቶም ኖረ አልኖረ
ምን አስጨነቃችሁ ደርሶ?»
ከኋላ ወንበር ቤኒሲያ ተነሣች፣ ጫማዋ አሸዋ እንደ ያዘ፣ ሳታፍር፦
«ዕውር ቀስተኛ አንዴ ይመታል፤ ሺህ ጊዜ ከመታ ግን፣ መምህር፣
ወይ ዐይኑ ያያል፣ ወይ ዒላማው ያናግረዋል። ይህን መጠየቅ ምን ነውር?»
ደወል ተደወለ። ወንበሮች ተንኳኩ። ጥያቄው እዚያው ክፍል አደረ።

ጎረቤታችን ኤውሴቢዮ ደግሞ ጂፒኤስ ገዝቷል፤
«ቁጥሩን እከተላለሁ፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ምን ቸገረኝ?» ይላል፤
ባትሪው ያለቀ ለት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አጎቴ ደጅ ይመጣል።

ሦስተኛው ሌሊት። ጨረቃ የለም። «አሁን በየትኛዋ ነው የምትቆጥር?»
«በፋኑዌይ።» «እሷ እኮ የለችም! በካርታ የለች፣ በባሕር!»
«የለችም» አለ፣ ረጋ ብሎ። «አያቴም ያውቅ ነበር።
ማንም ውሃ አልቀዳባትም፣ ማንም አልተቀበረባት፤
ዐርባ ዓመት ግን በእሷ ነው ቤቴ የገባሁ፤ አላየኋት፣ አልከዳኋት።»

ከአፌ አመለጠኝ፦
«ወንድሜ ሊኖስም በእሷ ነበር የቆጠረ፤
በዚያ ዓመት፣ የዳቦ ፍሬው ሳይበስል፣ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ።»

ሸራው አንዴ ተርገበገበ። አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።
ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለባሕሩ እንደሚናገር፣ «ሒሳቡ ልክ ነበር» አለ፤
«ከሒሳቡ ሥር ግን ውሃ አለ።
ወደ ሰሜን ይጎትት ነበር ያን ጊዜ፤ ኪማ አልነገረችን፣ ፋኑዌይም አልነገረችን።
ልጁን ካጣን በኋላ አሥራ ሰባት ሌሊት ብቻዬን ወጣሁ፤
ታንኳው ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ውሃው የሚለውን ሰማሁ።
መጥረቢያው እስኪያመልጥሽ፣ እንጨቱን ረስተሽ ትፈልጫለሽ፤
ያመለጠሽ ለት ግን ጉጡን፣ ውስጡን፣ ሥሩን ትጠይቂያለሽ።»
«ታዲያ ፋኑዌይን ለምን አልተውካት?»
«ምን ላድርግ? ታደርሳለቻ!»

ቤኒሲያ ይህን ብትሰማ «አየሽ?» ትለኝ ነበር።
ቪላሎንም «አየሽ?» ይለኝ ነበር።

ንጋት ላይ ነጫጭ ወፎች ከፊታችን መጡ። ደሴታችንም መጣች፤
እኛ ቆመን፣ እሷ እየሄደች፣ ዘንባባዋን አስቀድማ ደረሰች።

እናቴ ዳር ቆማለች። በየማታው «ሊኖስ ፋኑዌይ ነው፤ እዚያ ዓሣ ያጠምዳል» ትላለች፤
ይህን ብላ፣ ምንጣፏን ዘርግታ፣ እስኪነጋ ትተኛለች።
ይሠራል። ማን ይከለክላታል? እኔም ከንፈሬን እነክሳለሁ።
እንቅልፍ ሲወስዳት ግን እወጣለሁ፤
እግሬን እስከ ጉልበቴ ባሕሩ ውስጥ ነክሬ
ወዴት እንደሚጎትት አደምጣለሁ፤ እስከ ዛሬ።