ራስጌና ግርጌ

«የት ወረዳ ሞቱ?» አለኝ ልሳነወርቅ፣
ቅጹን ገልጦ ይዞ፣ ሳያዝን፣ ሳይስቅ።
በአልጋዋ ነው፣ አልኩት፤ በዚያ ባለ ሽቦ፣
ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ እጇ አንሶላ ስቦ።
«አልጋውስ የት ነበር?»
ቤታችን ውስጥ ነዋ!
ከእሪ በከንቱ ሥር፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የቀበሌ ቤት ነው፣ ጣሪያው ተቀዳዶ፣
በሩ ላይ ቁጥሩ በቀይ ቀለም
ሦስቴ የተጻፈ፣ ሁለቴ የተፋቀ።

ካርታውን ዘረጋ፤ ገና ቀለም ይሸታል።
ጣቱ ከድልድዩ ተነሥቶ በዳቦ ቤቱ ይታጠፋል፣
በእኛ ጣሪያ ላይ ይቆማል።
«መስመሩ ይኸውልህ፣ እናንተን ይከፍላል፤
ጓዳው ስድስት ነው፣ ሳሎኑ ሰባት ይባላል።»

ሳቅ አፈነኝ።
አንድ ክፍል ነው ቤታችን፤
ጓዳ የምንለው መጋረጃችን።

አክስቴ የውብዳር ገና በልጅነት
እዚህ ሰፈር ስትገባ፣ ቁጥር መች ነበረበት?
በአንድ ፊታውራሪ ስም ነበር የሚጠራ።
ኋላ ቀበሌ መጣ፣ ቁጥር አወጣልን፣
ወረፋ አስይዞ ስኳር መዘነልን።
ከፍተኛው ሄደና ክፍለ ከተማው መጣ፣
አንዱ መታወቂያ ተቀዶ ሌላው ወጣ።
አራት መታወቂያ አላት፣ በላስቲክ የታሰረ፤
ፎቶዋ እያረጀ፣ አድራሻው እየታደሰ።
በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱ ካልጋ ወረደ!
የሷ አልጋ ግን ከጥጉ አንድ ስንዝር አልሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት መጡ፣ ባለሜትሩና አንድ ልጅ፣
በኖራ አሰመሩ፣ ከደጃፍ እስከ ደጅ
(የጀርባ በር የለንም፤ ግድግዳው አስቆማቸው)።
መስመሩ ባልጋው ሥር አለፈ፣ ወገቡ ላይ፤
ራስጌው ሰባት ሆነ፣ ግርጌው ስድስት።
ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፣
«ትራሳቸው በየት በኩል ነበር?»

ሰባት አለ፦ «ነፍስ በአፍ ከወጣች በእኛ ነው፤
ግን መዝገባቸው ስድስት ስለሆነ፣ መሸኛ አምጣ።»
ስድስት አለ፦ «መሸኛ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው፤
በአካል ይቅረቡና፣ ፈርመው ይውሰዱ።»

ጋሽ ደባልቄ ምንም አልጠየቀኝም።
ጎህ ሳይቀድ፣ ካፖርቱን በፒጃማ ላይ ደርቦ፣
ከዳቦ ቤቱ እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ወፍጮው፣
ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ ጥሩምባውን ነፋው።
የዕድራችን ወሰን ያ ነው፤
ጥሩምባው እስከተሰማበት።
ድንኳኑ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ተተከለ፣
ካስማው ስድስት ላይ፣ ገመዱ ሰባት ላይ ዋለ።
ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው፣ ከሩቅ የሄዱት ሳይቀሩ
በሁለት ታክሲ መጥተው ወንበር ደረደሩ፤
ጥሩምባው በስልክ ነው የሰማናቸው፣ አሉ።

የውብዳር። ስሟ እንኳ ዳር ነው፤
ያን ዳር በየትኛው ሜትር ነው የሚለካው?

ይኸው ጥርም አለፈ፣ ወረቀቱ አልወጣ፤
በመንግሥት ዘንድ አልሞተችም ማለት ነው።
ኪራይ በስሟ እከፍላለሁ፤ ገንዘብ ያዧ፣
«ደህና ናቸው?» ትለኛለች ደረሰኝ ስትቆርጥ።
ደህና ናት፣ እላለሁ።

አሁን አልጋው ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።
አንዳንድ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ትራሱን ወደ ግርጌ አዞራለሁ።
ያው ነው፤ ያው ሽቦ፣ ያው የወንዝ ድምፅ፣
ያው የጎረቤት ሳል።
ኖራውን ጠርጌው ነበር፤
ጠዋት ስነሣ ግን ተረከዜ ነጭ ነው።